ሰሌን ሠሪው ኸሊፋ

ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል
ማርች 16፣ 1997

ለተከበሩ ጋሼ ወልደየስ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ብርዱ ሲገባ የሚያምዎት ነገር ቀነሰልዎ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አንድ ሳምንት አልፎታል። በቶሎ ያልመለስኩት በስንፍና አይደለም፣ የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ቅጠል ወረቀት ልኬያለሁ። አንደኛውን እንደ ወትሮው ዓርብ ከሰዓት ለእማ ያነቡላታል። ይህኛው ግን ለብቻዎ ነው፤ አንብበው ኪስዎ ይክተቱልኝ።

«ጥቁሩ ቀለም የት ሄደ?» እያለች እንዳስጨነቀችዎ ጽፈውልኛል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንዲህ ትቆጣጠረናለች ብዬ መቼ አሰብኩ! ከሱዳን ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ነው የጻፍነው፤ እኔ ከላይ በሰማያዊ፣ ዓብዱልቃድር ከታች በጥቁር፣ በዚያ በግራ እጁ እየተጣደፈ። በእማ ቅጠል ላይ «ዓብዱ ሺፍት በዝቶበት ነው» ብያለሁ። ውሸት ነው። እኔና ወንድሜ ከተኳረፍን አምስት ሳምንታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ያለነው ሐበሻ ሙስሊሞች ሠላሳ ምናምን ቤተሰብ ነን። የፆም መፍቻውን የምንነጋገረው በስልክ ነው፤ አንዱ ለሦስት ቤት ይደውላል፣ እነዚያ ደግሞ ለሦስት ለሦስት። የመጀመሪያው ደዋይ ሁልጊዜ ዓብዱ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ኮረብታ ላይ ይወጣና ጨረቃዋን ፈልጎ ሲወርድ ይደውላል። እዚህ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ አለ፤ በረዶውን ያቀልጥልናል፣ ምዕራቡን ግን በደመና ይዘጋዋል። ዘንድሮ በዚያው ቀን መጣ። ረፋድ ላይ አንዲት ጓደኛዬ ጅዳ ያለችው እህቷ ደውላላት «ነገ ዒድ ነው!» አለችኝ። ደስ ሲለኝ እንዴት እንደምሆን ያውቃሉ። ወንድሜ ገና ኮረብታው ላይ ሳይወጣ ስልኩን አነሳሁ።

ፀሐይ ጠልቃ ዓብዱ ሲወርድ፣ «አልታየችም፣ ሠላሳ ቀን ፆሙን እንሙላ» አለ። ግማሹ ሰው ግን ልብሱን ተኩሶ ጨርሷል። በማግስቱ ግማሹ ሰገደ፣ ግማሹ ፆመ። ዓብዱ እየፆመ የምንሰግድበት አዳራሽ በር ድረስ መጥቶ ሰው ሁሉ ፊት «አንቺን ማን ሾመሽ?» አለኝ። እኔስ መቼ ዝም እላለሁ፤ «ከወሎ እስከ ካርቱም በጀርባዬ ሳዝልህ ማን ሾሞኝ ነበር?» አልኩት። ጋሼ፣ አላዘልኩትም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ወባ ይዞት ሁለት ቀን ደግፌዋለሁ፣ በቃ። ሰው ፊት ግን አዘልኩህ አልኩት። አሁን የእሱ ሰዎች ኤሪን ውድስ የሚባል ሠፈር አንድ ምድር ቤት፣ እዚህ ቤዝመንት የሚሉት፣ ውስጥ ይሰግዳሉ፤ እኛ አዳራሹ ውስጥ ቀረን።

ቤልትላይን ሠፈር አንዲት ክፍል ውስጥ እኔና እሱ ስንኖር ይናፍቀኛል። አሥራ አንድ ሆነን፣ ከምሠራበት ሆቴል የተጣለ አንሶላ አንጥፈን እዚያችው ክፍል እንሰግድ ነበር። ፀሐይወርቅ የምትባል ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ለእንግዶቹ ወንበር ታውሰን ነበር። ያኔ ደመና ኖረም አልኖረም ዒዳችን አንድ ቀን ነበር። ስልክ ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለነበረ ይሆናል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስተምራለሁ። እርስዎ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩንን የቁርጡባን ኸሊፋዎች ነገር ከዚያ ጠንካራ ሽፋን ካለው ደብተርዎ ይቅዱልኝ። መውደቁን ብቻ። መነሳቱን ሁሉም ሰው ማስተማር ይፈልጋል።

ልጅዎ ሩቂያ


ደሴ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ልጄ ሩቂያ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ጦሳ ላይ ጉም ሲወርድ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ከሁሉ በፊት ግን ክስ አለብኝ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ውሸት አስነበብሽኝ። «ሺፍት በዝቶበት ነው» ስል እናትሽ ዓይን ዓይኔን አየችኝና «ሺፍት ምንድነው?» አለች። «ተራ ነው፣ የሥራ ተራ» አልኳት። «ለመጻፍስ ተራ አይደርሰውም?» አለችኝ። መልስ ካለሽ ላኪልኝ።

ቁርጡባ፣ ፈረንጆቹ ኮርዶባ የሚሏት፣ ከውጭ በመጣ ጠላት አልወደቀችም። ይህን ሦስት ጊዜ አስጽፌሻለሁ፤ አሁንም ጻፊው። ሒሻም ኸሊፋ ሲባል ገና ሕፃን ነበር። ሓጂብ የሚሉት የቤተ መንግሥቱ ሹም ግዛቱን ጠቅልሎ ያዘና ልጁን ዘጋበት። ጎበዝ ሰው ነበር፤ ጦር ሜዳ ወጥቶ ተሸንፎ አያውቅም ይባላል። የሒሻም ስም ዓርብ ዓርብ በየመስጊዱ ይጠራል፣ ሥራውን ግን ሌላ ሰው ይሠራዋል። ሹሙ ሲሞት የገዛ ልጁ ተተካ። ያም ሲሞት ሁለተኛው ልጅ መጣና ሥልጣኑ አልበቃው ብሎ «ኸሊፋነቱንም አውርሰኝ» አለ። ይኼኔ ከተማው ተነሣ። አንዱ መጥቶ «ሒሻም ሞቷል» ብሎ እሱን የሚመስል ሬሳ አስቀበረ፤ ሲጨንቀው ደግሞ «የለም፣ አለ» ብሎ አወጣው። የአንዱ ወገን ወታደር የሌላውን ሠፈር አቃጠለ። ያ ሁሉ ዕብነ በረድ የፈሰሰበት ቤተ መንግሥት በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ተዘረፈ። በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት ኸሊፋ እንደ ተሾመና እንደ ተሻረ ስንቆጥር ክፍሉ በሣቅ ይሞት ነበር። በመጨረሻ የከተማው ታላላቆች ተሰብስበው «ከእንግዲህ ኸሊፋ አያስፈልገንም» አሉ። በፈረንጅ በ1031 ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ንጉሥ አነገሠ።

ይህን ስቀዳ ያ ክፍል ሲታየኝ ዋለ። ጣራው ዝናብ ሲመታው ድምፄ አይሰማም ነበር፤ ቆመን እስኪያባራ እንጠብቃለን። አንቺ ካለፍሽ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዓብዱልቃድር ደርሶብኝ ይህንኑ ሳስተምር እጁን አወጣ። «መምህር፣ ሽማግሌ ሄዶ አላስታረቃቸውም?» አለኝ። «መጽሐፉ ላይ የለም» ብዬ አለፍኩት። ልጁ ቀኑን ሙሉ አኩርፎኝ ዋለ።

በቶሎ ታረቁ። ማን ይቅደም የሚለውን ተነጋገሩበት።

ወልደየስ


ካልጋሪ፣ ጁላይ 20፣ 1997

ጋሼ፣

የቀዱልኝ ደረሰ። እጅዎ ያው ነው፣ «ሀ»ዎ እንኳን አላረጀም። ክፍል ውስጥ ሳነበው ድምፄ የእርስዎን ይመስላል መሰለኝ፤ ልጆቹ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

አሥራ አራት ናቸው። አሥራ አራተኛዋ የዚያችው የፀሐይወርቅ ልጅ ናሆሚ ናት። እናቷ ቅዳሜ ስለምትሠራ እኔ ጋ ትውላለች። ሒሻም ተዘጋበት ስላቸው አንዱ ልጅ፣ «ሲስተር ሩቂያ፣ ላይክ፣ ግራውንድድ ሆኖ ነው?» አለኝ፤ ቤት ተዘግቶበት ተቀጣ ወይ ማለቱ ነው። «አዎ፣ ሠላሳ ዓመት ግራውንድድ» አልኩት። ሣቁ። ናሆሚ ግን እጇን አወጣች። «ሁሉም ሙስሊም ናቸው፣ ራይት? ሶ ለምን ተጣሉ?» ልጆቹ አባቶቻቸው የት የት እንደሚሰግዱ ያውቃሉ። «አይ ዶንት ኖው፣ ስዊቲ» ብዬ አለፍኩት። እርስዎም አንድ ጊዜ እንዲህ እንዳለፉ ጽፈውልኛልና አይፍረዱብኝ።

ከዓብዱ ሰዎች ደግሞ አምስት ቤተሰብ ተነጥለው አንድ ጋራዥ ውስጥ መስገድ ጀምረዋል። በምን እንደ ተጣሉ አልገባኝም። ሦስት ሆነናል ማለት ነው። ቁርጡባ ስንት ላይ ነበር የቆመችው?

«ማን ይቅደም» ላሉኝ፣ እኔ ታላቅ ነኝ፤ ታላቅ ሄዶ በር አያንኳኳም። ይህን ስጽፈው ለራሴም ደስ አላለኝም።

የእማን ቅጠል አያይዣለሁ። ዓብዱም ጽፏል፣ ያሳዩልኝ።

ሩቂያ

(የእናት ቅጠል)

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ዓይንሽስ? እዚህ በጋ ነው፤ ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አትጠልቅም፣ ብታዪ ትገረሚያለሽ። ሥራዬ ደህና ነው። የላክሽልኝ ሻሽ ደርሶኛል፣ ለዒድ አስቀምጬዋለሁ። ልጅሽ ሩቂያ።

(ከታች፣ በጥቁር ቀለም)

እማ፣ ዓብዱልቃድር ነኝ። የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደህና ነኝ፣ አታስቢ። ዱዓሽ አይለየኝ።


ደሴ፣ መስከረም 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ ሩቂያ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ለጠየቅሽኝ፣ ቁርጡባ ሠላሳ ገደማ መንግሥት ላይ ነው የቆመችው። እናንተ ሠላሳ ምናምን ቤተሰብ ስለሆናችሁ ገና ቦታ አላችሁ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ። እናትሽ ጥቁሩን ቀለም ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄዳ ታችኛውን ጥግ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና «አንብብ» አለችኝ። አነበብኩ። ስጨርስ፣

«ንጹሕ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ጽሑፉ። ዓብዱ የጻፈው ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። በግራው ስለሚጽፍ እጁ ከኋላ እየተከተለ ቀለሙን ይጠርገዋል።»

ቆርቆሮ ሣጥኗን አውጥታ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ደብዳቤ አልጋው ላይ ዘረጋችው። እውነቷን ነው። እያንዳንዱ ላይ ጥቁሩ ቀለም ጥላሸት እንደ ነካው ተዘርግቷል። ይኸን ሁሉ ዓመት ሳነብላት አንድም ቀን አላየሁትም። እኔ ፊደሉን ሳይ እሷ የልጇን እጅ ታይ ኖሯል። አፈርኩ።

ሩቂያ፣ አንድ ነገር ሳልቀዳልሽ ቀርቼ ነበር። ኸሊፋነቱ ከፈረሰ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሌላዋ ከተማ የሰቪሊያ ገዥ «ሒሻም አልሞተም፣ እኔ ጋ ነው» አለ። ሰውየው ሰሌን ሠሪ ነበር ይባላል፤ ሰሌን ሲጎነጉን የኖረ፣ መልኩ ሒሻምን የመሰለ ሰው። አልብሰው አስቀመጡት። የሌላው ከተማ ገዥዎች እሱ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ግን ብዙዎቹ ስሙን ዓርብ ዓርብ አስጠሩ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲሁ ተጠራ።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት እናትሽ አጠገብ ተቀምጬ ጮክ እያልኩ ነውና እሷም ሰማች። «ያውቁ ነበር?» አለችኝ። «ያውቁ ነበር።» «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» «ስሙ እንዲኖርላቸው ነዋ። ስሙ እስካለ ድረስ አንድ ነን ለማለት።» እሷም «እኔም ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ካልኩ ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ አሉ ማለት ነው። አደራህን፣ ሩቂያን አታሳፍርብኝ» አለችኝ።

አደራዋን በላሁ። የበላሁት የዚያ ሰሌን ሠሪ መጨረሻ ምን እንደሆነ ሠላሳ ዓመት ስላስተማርኩ ነው። አንድ ቀን ያው ገዥ ቤት «ሞቷል» አሉ፤ ያለቀሰለት ሰው መኖሩን መጽሐፉ አይናገርም። ከተማዎቹም ያው እንደ ተለያዩ ቀሩ።

ዓብዱ በክፍል ለጠየቀኝ ጥያቄ አልመለስኩለትም። ሂጂና አንቺ መልሺለት።

ወልደየስ


ካልጋሪ፣ ፌብሩወሪ 8፣ 1998

ለተከበሩ ጋሼ ወልደየስና ለእማዬ፣

ይህ አንድ ቅጠል ብቻ ነው፤ የሚደበቅ የለውም። ከላይ እስከ ታች ለእማ ያንብቡላት። ስለ ዘገየሁ ሁለታችሁም ይቅር በሉኝ። ጋሼ በመስከረም ለጻፉልኝ ያልመለስኩት ባዶ እጄን መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው።

እማዬ፣ ጥቁሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አፍሬያለሁ። አንቺን ማታለል የሚቻል መስሎኝ።

የጋሼን ደብዳቤ ይዤ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ኤሪን ውድስ ዓብዱ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ መጀመሪያ የተባባልነውን አልጽፍም። ኋላ ግን ደብዳቤውን ሰጠሁትና ጫማውን ሳያወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አነበበው። ሰሌን ሠሪው ጋ ሲደርስ ቀና አለ።

«አንቺ እኔን ሆነሽ ጻፍሽ?»

«አዎ።»

«ምን አልኩ?»

«ሥራ በዝቶብኛል አልክ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ። ሁለታችንም ሣቅን፤ ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። «ያላዘልኩህን አዝዬሃለሁ አልኩ፣ አይም ሶሪ ዓብዱ» አልኩት። «ሁለት ቀን ደግፈሽኛል፣ እሱን ማንም አላደረገልኝም» አለኝ። «አንቺን ማን ሾመሽ» ስላለውም ይቅርታ ጠየቀኝ። ስልኩንስ አስቀድሜ ማንሳት አልነበረብኝም።

ዘንድሮ እሱ ከኮረብታው እስኪወርድ ስልኬን አልነካሁም። ግን የአዳራሹ ሰዎች ቀድመው ወስነው ነበር። ዒዱ እንደገና ሁለት ቀን ሆነ፤ የእኛ ሐሙስ፣ የእነሱ ዓርብ። እኔም ከሰዎቼ ጋር ሐሙስ ለመስገድ ተዘጋጀሁ። ጠዋት በር ተንኳኳ። ዓብዱ ነው፣ ፆመኛ። «መንገዱ አይስ ነው፣ ራይድ ልስጥሽ» አለ። አዳራሹ ደጃፍ ፓርክ አድርጎ ሰግጄ እስክወጣ መኪናው ውስጥ ጠበቀኝ። ሽማግሌዎቹ በመስኮቱ ጎንበስ እያሉ «ዒድ ሙባረክ» ይሉታል፣ እሱም «ለእናንተም» ይላል። ቤት ገብተን እኔ ስበላ እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያየኛል። «ብዪ እንጂ፣ ለእኔ ብለሽ እንዳትፆሚ» ይለኛል። እንዲህ የጣፈጠኝና እንዲህ ያስቸገረኝ ምግብ የለም። ዓርብ ደግሞ እኔ ሄድኩለት፤ እማ የላክሽልኝን ሻሽ አድርጌ።

አዳራሹም፣ ቤዝመንቱም፣ ጋራዡም እንደ ነበሩ ናቸው። ይህን አስተካክላለሁ ብዬ አልዋሽም። ቅዳሜ ግን ናሆሚ ያንኑ ጥያቄ ደግማ ጠየቀችኝ። «አላውቅም ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ አንዱን ጠብ እኔ ነኝ የጀመርኩት» አልኳት። «ኦህ» አለችኝ፣ «ሶሪ አልሽ?» «አልኩ» አልኳት። «ኦኬ» ብላ ደብተሯን ገለጠች።

ሩቂያ

(ከታች፣ በጥቁር ቀለም)

ጋሼ፣ ዓብዱልቃድር ነኝ። ያን ቀን ስላኮረፍኩዎ ይቅርታ፤ ጥያቄዬን እስካሁን መያዝዎን ሳይ ደነገጥኩ። ሽማግሌ አላስፈለገንም፣ እህቴ ራሷ መጣች። እማ፣ ዓመት ሙሉ ስለ ጠፋሁብሽ አፉ በይኝ። ናፍቀሽኛል። እጄ አሁንም ያው እንደ ድሮው ነው።


ደሴ፣ የካቲት 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጆቼ ሩቂያና ዓብዱልቃድር፣

ሰላምታዬ ለሁለታችሁም ነው፤ ሁለታችሁንም አንድ መስመር ላይ ከጠራሁ ስንት ጊዜዬ! ደብዳቤያችሁ ሐሙስ ደርሶኝ ሌሊቱ አልነጋልኝ አለ። ዛሬ ዓርብ ነው። እናታችሁ ከሰላት በኋላ ምንጣፏ ላይ እንዳለች ደረስኩ።

ፖስታውን ሳልከፍት ተቀበለችኝ። ራሷ ቀደደችው፣ ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ላይኛውን አልፋ ወደ ታች ሄደች። ጥቁሩ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ «እህቴ» የሚለው ጭራሽ ለማንበብም አይመች። አውራ ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈችና አላነሣችም። ቆርቆሮ ሣጥኑን አቀብዬ ያንን ንጹሑን የሐምሌ ደብዳቤ ልትጥል ነው ብዬ አየሁ። አልጣለችውም። ከዛሬው ጋር አንድ ላይ አጠፈችው። «ያኛውም ይቀመጥ፣ ሩቂያም ደክማበታለች» አለች።

መነጽሬን አድርጌ እጄን ዘረጋሁ፤ ከላይ እስከ ታች አንብብ ብለሽኛልና ላነብ። ወረቀቱን አልሰጠችኝም።

«ዛሬ ተወው ወልደየስ» አለችኝ። «ራሴ አነበብኩት።»

ስለዚህ ሩቂያ፣ ትእዛዝሽን አልፈጸምኩምና ይቅር በይኝ። መነጽሬን አጥፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ወልደየስ